አጭር ጻፉ፣ ሰው ግን አታሳጥሩ

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የአሶሳ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው እኔ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ በስልኬ 120 ቃል ጻፍኩ። አንዴ አነበብኩት፣ ደስ አለኝ፣ ላክሁት። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ የምንሆን ጓደኛሞችና የጓደኛ ጓደኞች በቴሌግራም አንድ የጽሑፍ ጨዋታ ጀምረን ነበር። ግማሾቻችን አሶሳ ነን፤ ሌሎቹ ባምባሲ፣ ግልገል በለስና አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዷ ደግሞ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳለች። ደንቡ ቀላል ነው። ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ ከ150 ቃል ያልበለጠ አንድ ልብ ወለድ መጻፍ። ርዕሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ያን ሳምንት «ያልደረሰ ነገር» የሚል ነበር። ሽልማት የለም፣ ዳኛ የለም፣ አንደኛ ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። የጻፈ ሰው ሁሉ የሌሎች ሁለት ሰዎችን ታሪክ አንብቦ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የመግቢያ ዋጋው ይኸው ነው።

እኔ የጻፍኩት ሰፈራችን ጥግ ላይ ጀበና ቡና ስለምትሸጥ ሴት ነበር። ስሟን አልጠራሁም። ግን አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረውን ሰማያዊ በርጩማዋን ጻፍኩ። ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ከከሰሉ ራቅ አድርጋ የምታስቀምጥበትን ነገር ጻፍኩ። ከባሏ የሚላክ ገንዘብ እየጠበቀች ከሱቅ በዱቤ የምትወስደውን ስኳር ጻፍኩ። ገንዘቡ አይደርስም፤ ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

ተወደደ። ቀይ ልብ በቀይ ልብ ሆነ። አንዱ «ይሄማ እኛ ጋ መቅረት የለበትም» ብሎ ወደ ሌላ ቡድን አሻገረው፤ ከዚያኛውም ወደ ሌላ ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ሲኒውን አስቀመጠችልኝና፣ ሳትቆጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዕዳዬን ለአገር አነበብሽው አይደል?» አለችኝ። ከስልክ ላይ ያነበበችላት ልጇ ናት።

«ልብ ወለድ እኮ ነው እትዬ» አልኳት።

«ታዲያ በርጩማው የማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ቡናውን ጠጥቼ፣ ሒሳብ ከፍዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ይህን የምነግራችሁ ጽሑፍ እንድትፈሩ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። የእኛ ክልል ከብዙ ቦታ ይልቅ አጭር ታሪክ የሚጽፉ ወጣቶች ያስፈልጓታል ብዬ አምናለሁ። ግን አጭር ጽሑፍ ስለት አለው፤ ስለት ደግሞ አያያዝ ይፈልጋል። ዛሬ ስለሁለቱም ላውራችሁ።

ዜናው የማይደርስበት

«ቤኒሻንጉል ጉሙዝ» ሲባል ሌላው ኢትዮጵያዊ ምን ትዝ ይለዋል? ግድብ፣ ወርቅ፣ ግጭት። አራተኛ ነገር የሚጨምር ሰው ካገኛችሁ ወይ እዚህ የተወለደ ነው ወይ እዚህ የተመደበ መምህር ነው።

ሦስቱም እውነት ናቸው። ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ14 ዓመት በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ግድቡ ስንት ዘፈን ተዘፈነ፣ ስንት ግጥም ተገጠመ? ግን ጉባ ሄዶ ዓመታት ሲሚንቶ ሲያቦካ ከርሞ ቤቱ ሲመለስ ልጁ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብላ እናቷ ኋላ የተደበቀችበትን አባት ማን ጻፈው? ወርቁስ? በኪሎ ግራምና በዶላር ሲቆጠር እንሰማለን። ወንዝ ዳር ጎንበስ ብላ ከንጋት እስከ ማታ በገበቴ አሸዋ ስታጥብ የዋለችው ሴት፣ ያገኘችውን ቅንጣት ለገዢው ከማሳየቷ በፊት ምን እንዳሰበች ግን የሚነግረን የለም።

ሌላም አለ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ እስካሁን በቁጥር በሚጠራ መንደር ያደጉ አሉ። «የት ነው አገርህ?» ሲባሉ ምን ብለው ይመልሳሉ? ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሕዝብ ወደኛ ገባ። ድንበሩን ሲሻገሩ ከወዲህ በኩል የራሳቸውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ያገኙ በርታዎች ነበሩ። ይህ ብቻውን ስንት ታሪክ ነው!

ዜና ይህን አይጽፍም፤ ሥራውም አይደለም። ዜና ቁጥር ይፈልጋል። ረጅም ልብ ወለድ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል፣ ወረቀት ይፈልጋል፣ ማተሚያ ቤት ይፈልጋል፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ደጅ መጥናት ይፈልጋል። 150 ቃል ግን የሚፈልገው ቻርጅ ያለው ስልክና አንድ ዝናባማ ከሰዓት ነው።

ታሪካችንን ሌሎች መሰብሰባቸው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ኤልዛቤት ሌርድ የተባለች ብሪታኒያዊት ጸሐፊ በኢትዮጵያ ክልሎች እየተዘዋወረች ተረት ሰብስባ ነበር፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝም አንዱ ነው። እዚህ ተነግረው የተቀዱት ተረቶች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆነው ታተሙ። እሷን አመሰግናታለሁ፤ ያለ እሷ ጥረት ብዙው ከሽማግሌዎቹ ጋር ያልፍ ነበር። ግን ያ የአያቶቻችን ተረት ነው። የእኛን፣ የባጃጁን፣ የመናኸሪያውን፣ የዶርሙን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ኮረብታ ላይ የሚወጣውን ልጅ ታሪክ እኛው ካልጻፍነው ማን ይምጣ?

አጭርነት እንግዳችን አይደለም

በፈረንጅኛው «ፍላሽ ፊክሽን» ይሉታል። እኛ በቡድናችን «ድንክዬ» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ከ1,000 ቃል በታች ያለ ሙሉ ታሪክ ማለት ነው፤ ልክ 100 ቃል ብቻ የሚፈቅዱም አሉ። ብሪታኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በየዓመቱ የሚከበር የራሱ ቀን አለው። በ1968 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጃፓናዊው ያሱናሪ ካዋባታ መዳፍ ላይ ይበቃሉ የሚላቸው ከመቶ በላይ ታሪኮች ጽፏል። የጓቲማላው አውጉስቶ ሞንቴሮሶ በ1959 ያሳተመው ስለ ዳይኖሰር የሚናገር ታሪክ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ በስፓኒሽ ሰባት ቃል። በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዘዋወረው፣ ሄሚንግዌይ በስድስት ቃል ጻፈው የሚባለው የሕፃን ጫማ ታሪክስ? እሱ ለመጻፉ ማስረጃ የለም። ገና ልጅ ሳለ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ተመሳሳይ ማስታወቂያዎች ወጥተው ነበር። እና ሌላ ጊዜ ሰው በእሱ ስም ሲያስፈራራችሁ አትደንግጡ።

ከሁሉ በላይ ግን ለአጭርነት ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የቅኔ ተማሪ ሀ ብሎ የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። በሁለት ቤት ሰሙንም ወርቁንም መያዝ አለበት። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶችን አስቡ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ንግግር፣ ያበቃል። በአማርኛ ዘመናዊ አጭር ልብ ወለድም ቢሆን ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ ረጅም መንገድ ሄዷል።

እዚሁ ደጃችንም ምሳሌ አለ። የበርታን ዋዛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀልድ ቢመስልም ነገሩ ግን ዋዛ አይደለም። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው። አንድ ሰው ብቻውን ቢነፋ ዜማ አይሆንም። ሁሉም ተሰልፈው፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በተራው ሲያስገባ ነው ዜማው የሚወጣው። ድንክዬ ታሪክም ለእኔ እንደዚያ ነው። የአንዱ 150 ቃል ስለ ክልላችን ምንም አይናገርም። ሃያ ሰው ሃያ ሲጽፍ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሌላ ሃያ ሲጨመር፣ አንድ ነገር መሰማት ይጀምራል።

አማርኛ ያደላናል

አሁን ወደ ሥራው። ስትሞክሩት የምታገኙት የመጀመሪያ ነገር ቋንቋችን ለዚህ የተሠራ መሆኑን ነው። «ስላልነገርኳቸው» የሚለው አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለማለት አምስት ስድስት ቃል ይደረድራል። ስለዚህ የውጭ ሰዎች የ100 ቃል ገደብ ሲያወጡ የእኛ 100 ቃል ከእነሱ የበለጠ ይይዛል። በአንድ በኩል ደግሞ ስልካችን ይቀጣን ነበር፤ በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው አጭር የጽሑፍ መልእክት በግዕዝ ፊደል ሲሆን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ታላላቆቻችን አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉ የነበረው ወደው አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «እናቷን መናኸሪያ በር ላይ ያያትን ሰውዬ...» ብላችሁ ብትቀጥሉ አንባቢው እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ገደላት ይበል፣ አቀፋት ይበል፣ አላወቃትም ይበል አያውቅም። ሌሎች ጸሐፊዎች ላብ የሚያፈሱበትን ጉጉት ሰዋስዋችን በነፃ ይሰጠናል። በነፃ ያገኛችሁትን ታዲያ አታባክኑ፤ ከባዱን ቃል መጨረሻ አስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ አማርኛ ፆታ አይደብቅም። «መጣች» ካልን ሴት ናት፣ አለቀ። ማንነቱን መደበቅ የምትፈልጉ ከሆነ በ«እኔ» ጻፉ፤ «መጣሁ» ወንድም ሴትም ይሆናል።

ምሳሌ ይሁነን። የዚያኑ «ያልደረሰ ነገር» ርዕስ በኋላ እንደገና ስሞክረው የመጀመሪያው ረቂቄ እንዲህ ይጀምር ነበር፦ «በአሶሳ ከተማ ውስጥ የምትኖር አንዲት ምስኪን እናት ነበረች። ይህች እናት በጣም የምትወደውና የምትሳሳለት አንድ ልጅ ነበራት። ልጇም አዲስ አበባ ይኖር ነበር።» አያችሁ? ሃያ ቃል ገደማ አባከንኩና ገና ምንም አልሆነም። «ምስኪን» አልኩ፤ ለአንባቢው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ነገርኩት። ስቆርጠው፣ ስቆርጠው ይህ ቀረ፦

*እማማ ማንጎውን ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ አድርጋ፣ አፉን በሲባጎ ሰፍታ፣ ለረዳቱ ሰጠችው። «ልጄ መናኸሪያ ይቀበልሃል።»*

*በማግስቱ ማታ ደወለች። «ደረሰ?»*

*«ደርሷል እማ። በጣም ይጣፍጣል።»*

*በአራተኛው ቀን ረዳቱ ከረጢቱን እንደተሰፋ መለሰው። «የመጣ ሰው የለም፣ እናቴ።»*

*ሲባጎውን ፈታች። የበሰበሰውን ለይታ ደፋች። ደህናዎቹን አጥባ አደረቀች። ከዚያ ለሐሙስ አውቶቡስ አነስ ያለ ከረጢት ፈለገች።*

ልጁ የት ነው? አልጻፍኩም። ቡድኑ ውስጥ አንዷ «ተሰዷል፣ መንገድ ላይ ነው» አለች። ሌላው «ሥራ አጥቶ አፍሮ ነው፣ መናኸሪያ ድረስ የሚሄድበት ታክሲ የለውም» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ምን አስጨነቃችሁ፣ ሰነፍ ልጅ ነው» ብሎ አሳቀን። ሁሉም የየራሱን ወንድም ነው ያስገባው። ያልጻፍኩት ሰላሳ ቃል ከጻፍኩት ይልቅ ሥራ ሠራ። እናትየው ማልቀሷንም አልጻፍኩም። ከረጢት ፈለገች፣ በቃ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ታሪኩን ከመሐል ጀምሩ፤ ፀሐይ ስትወጣ፣ ወፎች ሲዘምሩ አትጀምሩ። ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት አይብዛ። አንድ የሚዳሰስ ዕቃ ይኑር፤ ከረጢት፣ ቁልፍ፣ የሲም ካርድ። ስሜቱን አትሰይሙት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በጣታችሁ ሸፍኑና አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ከዚያ በፊት አልቋል፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ምክር ናት።

ስለ ማሽኑም አንድ ቃል ልበል፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ታስቡታላችሁ። አንድ ሳምንት አንድ ልጅ በጣም ያማረ ጽሑፍ ላከልን። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ብቻ ባምባሲ ላይ በመስኮት በኩል በረዶ መሬቱን ነጭ አልብሶት ይታያል። የባምባሲ ልጆች እስካሁን «ጃኬትህን ለብሰሃል?» እያሉ ያበሽቁታል። አላባረርነውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ ጻፈ፤ ፊደል ይስታል፣ ግን ሙቀቱ የአሶሳ ሙቀት ነው። ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው። ያማረ አማርኛ በየትም ይገኛል፤ ያንተን ሰፈር ግን ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም።

ስለቱ

አሁን ወደ በርጩማው ልመለስ።

እንደኛ ዓይነት ከተማ ውስጥ ስም አለመጥራት ምንም አይሸፍንም። አዲስ አበባ ላይ «አንዲት ጀበና ቡና ሻጭ» ብትሉ ሺህ ሴት ናት። የእኛ ሰፈር ላይ ግን አንድ ሴት ናት። ድንክዬ ታሪክ የሚኖረው በዝርዝር ነው፤ ሰውን የሚያጋልጠውም ያው ዝርዝሩ ነው። ታሪኬን ጥሩ ያደረገው ሰማያዊው በርጩማ ነበር፤ እሷንም አደባባይ ያወጣት እሱ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይከፋል። የድንክዬ ታሪክ መልክ ምን ይመስላል? አጭር ነው፣ ስም የለውም፣ ሆድ ያባባል፣ ብዙ ጊዜ በ«እኔ» ይተረካል። አሁን በየስልካችን በ«ፎርዋርድ» የሚመጣ ወሬ ምን እንደሚመስል አስቡ። አንድ ናቸው! አንድ የቡድናችን አባል ስለ አንድ መንደር መቃጠል ጽፎ ነበር። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ልብ ወለድ ነው። ግን ከቡድኑ ቢወጣና «ልብ ወለድ» የሚል ቃል ባይኖርበት፣ ማታ የሚያነበው ሰው ዜና ነው ብሎ ቢያምን ማን ይፈርድበታል? ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በመተከልና በካማሺ ብዙ ሰው ተገድሏል፣ እጅግ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። በእነዚያ ቀናት አንድ አጭር መልእክት ሰፈር ሙሉ ሰው ሌሊቱን ሲያስነሳ ያየን ሰዎች ነን። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ጎረቤት ነው።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «ሁሉን የሚፈራ ጸሐፊ ምን ሊጽፍ ነው? ስለ አበባ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብዙ ቀን አሰብኩበት። አሁን እንዲህ እላለሁ። ኃይል ያለውን ሰው መንካትና በርጩማ ላይ የተቀመጠችን ሴት መንካት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ድፍረት ነው፤ ሁለተኛው ግን ምንም ድፍረት አይጠይቅም፤ እሷ መልስ የምትጽፍበት ቡድን የላትም። ስለ ግጭቱም ቢሆን ይጻፍ። ዝም ካልን የሚጽፉት የሚያጋጩን ብቻ ይሆናሉ። ግን ስትጽፉ አንድ ፈተና አለ፤ የገዳዩንና የሟቹን ብሔር ስም ሰርዙና እንደገና አንብቡት። ታሪኩ አሁንም የሚቆም ከሆነ ስለ ሰው ነው የጻፋችሁት። ከፈረሰ፣ መጀመሪያውንም ሰው አልነበረበትም፤ ክስ ነበር።

እኛ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ደንባችን ላይ አራት መስመር ጨመርን። አንደኛ፣ ማንኛውም ጽሑፍ «ልብ ወለድ» በሚል ቃል ይጀምራል፤ ፎርዋርድ ቢደረግም ቃሉ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከምናውቀው ሰው የተነሳ ታሪክ ከሆነ ሦስት ነገር እንለውጣለን፤ ሥራውን፣ ቦታውን፣ ሰው የሚለይበትን ዕቃ። ሦስተኛ፣ የሰውን ጽሑፍ ሳያስፈቅዱ ወደ ሌላ ቦታ መላክ የለም። አራተኛ፣ ከመላክ በፊት ለአንድ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ። አራተኛዋ ቀላል ትመስላለች፤ ግን እናቴ ፊት ጮክ ብዬ ላነበው ያልቻልኩትን ነገር ሃያ ሰው ፊት ማቅረብ እንደሌለብኝ የነገረችኝ እሷ ናት።

አንዳንዱ ሰው የወዳጅነት ጨዋታ ማለት ሁሉንም ማድነቅ ይመስለዋል። «ዋው»፣ «አንደኛ ነህ»፣ ሦስት ልብ። የእኔን ታሪክ ያደነቁት አሥራ ምናምን ሰዎች ወዳጆቼ ናቸው፤ ግን አንዳቸውም «ይህቺ ሴት ታውቃለች?» ብለው አልጠየቁኝም። ወዳጅነቱ ያለው ልቡ ውስጥ ሳይሆን ጥያቄው ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይቆጨኛል። እስካሁን የጻፍነው ሁሉ በአማርኛ ነው። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ሁላችንም እንግባባበታለን። ግን ከመሐላችን በበርትኛ የሚያልም አለ፣ በጉሙዝኛ የሚቆጣ አለ፣ በሺናሽኛ ከአያቱ ጋር የሚያወራ አለ። እነዚህ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ የማኦና የኮሞ ልጆችም የራሳቸው አላቸው። ለአንድ ወጣት ጽሑፍ ሦስት መቶ ገጽ ከባድ ነው፤ 100 ቃል ግን አይከብድም። በሚቀጥለው ዙር እያንዳንዱ በአፍ መፍቻው ጽፎ ከሥሩ በአማርኛ ቢያስረዳን ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። አንዱ ልጅ «በእኔ ቋንቋ የሚያነብ ሰው ቡድኑ ውስጥ የለም» አለ። እኔም «አያትህ አለች፤ አንብብላት» አልኩት። ዝም አለ፤ ያ ዝምታ እሺ ይመስለኛል።

እትዬስ? ለሁለት ሳምንት በሌላ መንገድ ዞርኩ። በሦስተኛው ሳምንት ድፍረት አግኝቼ ሄድኩ። ጽሑፉን ከቡድናችን እንዳጠፋሁት፣ የተሻገረውን ግን ማጥፋት እንደማልችል ነገርኳት። ይቅርታ ጠየቅኳት። ጀበናውን እያዘነበለች «ዕዳውስ ይሁን፣ ማን ዕዳ የሌለበት አለ» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ያቺ የጻፍሻት ሴትዮ ግን አንዴም አትስቅም። እኔ እንደዚያ ነኝ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ሦስት የባጃጅ ሾፌሮች በርጩማ ላይ ተቀምጠው በእሷ ቀልድ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ዓመት ሙሉ ቡናዋን ስጠጣ እኔንም ስታስቀኝ ኖራለች። 120 ቃል ውስጥ ግን ለሳቋ አንድ ቃል አላስቀረሁም፤ ዕዳዋን ብቻ አስቀረሁ። ለካ በርጩማው ብቻ አልነበረም ያስቀየማት።

ዜና ክልላችንን በሦስት ቃል ሲያሳጥረው የምንቆጣ ሰዎች፣ እኛም ጎረቤታችንን በአንድ ቃል እንዳናሳጥር።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት ስልካችሁን አንሱ። የትም ሁኑ፤ አሶሳ፣ ደሴ፣ አዲስ አበባ፣ ዓረብ አገር። ሦስት አራት ጓደኛ ሰብስቡ፣ አንድ ርዕስ ተስማሙ፣ 150 ቃል ጻፉ። ከላይ «ልብ ወለድ» በሉበት። በርጩማውን ለውጡት። ሰውየው ወይም ሴትየዋ አንዴ የምትስቅበት ቦታ ካለ ፈልጉት። ከዚያ ለአንድ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ ፊቱን እያያችሁ። ፊቱ ደህና ከሆነ፣ ላኩት።